በሩን የቆለፍኩባቸው ሰዎች

እናቴን ከአስመራ ሊያባርሩ የመጡትን ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ ቄሱን ጨምሮ፣ በር ላይ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሊያባርሯት አለመምጣታቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ንጋት ሥራዬ እስከ ዛሬ አላፍርም፤ ስልሳ ሰው ቀላል አይደለም።

አባቴ ፍረዘጊ መካኒክ ነው። የሰራዬ ገበሬ ልጅ ሆኖ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ነጻነት በመጣ በዓመቱ "አገሬ ልግባ" አለ። እናቴ አልማዝ የወልድያ ልጅ ናት። እሷን አገርሽ የት ነው ያላት አልነበረም፤ ጓዟን ጠቅልላ ተከተለችው። ሓዝሓዝ ሰፈር የብረት ፍርግርግ በር ያላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። አባቴ ቤቷን የወደዳት ለኦፊቺናው፣ መኪና ለሚጠግንበት ጋራዥ፣ ስለምትቀርብ ነው፤ እናቴ ለገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ስለምትቀርብ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

የገብርኤል ቅዳሴ በግዕዝ ነው፤ ግዕዙ ወልድያም አስመራም አንድ ስለሆነ በቅዳሴው እናቴን የሚቀድማት አልነበረም። ስብከቱ ግን በትግርኛ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ በግንቡ ጥግ ከጥዱ ዛፍ ሥር ለብቻዋ ትቆማለች። ሰባኪው ሲጨርስ ሕዝቡ "ኣሜን" ይላል፤ እሷም ትላለች፣ ግማሽ ትንፋሽ ዘግይታ። ያቺን የዘገየች አሜን ግቢው ሁሉ ይሰማታል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ እያንዳንዱን ስብከት ሳይገባት እስከ መጨረሻው በሙሉ ልብ ያዳመጠች ሴት በዚያ ግቢ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። የሚገባቸው ያወሩ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ በየማኅበራቸው ሰብሰብ ይላሉ። ትልቁ የገብርኤል ማኅበር ነው፤ አለቃው ኣደይ ንግሥቲ ናቸው። "ኣደይ" ማለት "እናቴ" ማለት ነው፣ ትልልቅ ሴቶች የሚጠሩበት። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከጥቁር ልብስ የማይወጡ ሴት ነበሩ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ለነጻነት ሊዋጉ ሜዳ ወጥተው እዚያው ቀርተዋል፤ ፎቷቸው ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። መንገድ ላይ ሲያገኙን ለእናቴ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉላታል፤ ሰላምታ ነፈጉኝ እንዳትል የሚበቃትን ያህል ብቻ።

እናቴ በዚያ ከተማ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፦ የማኅበሩ አባል መሆን። ጎረቤታችንን ጽገረዳን ላከቻት። ጽገረዳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ እናቴ አፏን የምትፈታው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር። መልሱን ይዛ መጣች።

"ዐሥራ ሁለት ነን አሉ።"

"እሺ፣ ዐሥራ ሦስተኛ ብሆንስ?"

"በየወሩ አንዳችን ነው የምንደግሰው፣ ዓመቱ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ወር ነው አሉ። ቦታ ሲገኝ እንነግራታለን አሉ።"

"ቦታ የሚገኘው መቼ ነው?"

ጽገረዳ ትንሽ አሰበች። "አንዷ ስትሞት።"

"ዕድሜ ይስጣቸው" አለች እናቴ፤ የታጠበ ድስት አንስታ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ማታ ለአባቴ ስትነግረው ሰማኋት። "ፍሬ፣ እዚህ አገር ማኅበር የሌለው ሰው እንዴት ነው የሚሞተው? ተንዳው የማኅበር፣ አግዳሚው የማኅበር፣ ድስቱ የማኅበር፣ አልቃሹ የማኅበር።" ተንዳ የሚሉት ለቅሶ ሲሆን መንገድ ዳር የሚተክሉትን ሸራ ነው።

"አሁን ማን ይሙት አለሽ?" አለ አባቴ።

ከዚህ ወሬ እኔ የገባኝ፣ ማኅበር የሌለው ሰው መሞት እንደማይፈቀድለት ነው። ታዲያ ምን ጎደለብን? እያልኩ ተኛሁ።

የጎደለንን የነገረችኝ ክሳነት ናት። ክሳነት የኣደይ ንግሥቲ የልጅ ልጅ ነች፤ አንድ ክፍል ነን፤ ስለ ማንኛውም ነገር ታውቃለች።

"ጦርነቱ ሲያልቅ የወታደሮቹ ሚስቶች በማኪና ተጭነው ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ" አለችኝ አንድ ቀን። "እናትሽ ለምን ቀረች?"

"እኛ ያኔ አልነበርንም። ከዚያ በኋላ ነው የመጣነው።"

ክሳነት አዘነችልኝ። "እንግዲያው ገና አላዩአትም ማለት ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትልቅ መኪና በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር ሹፌሩን በፍርግርጉ እሰልላለሁ። ሹፌሩ ሳያየን ካለፈ፣ አንድ ቀን ተረፍን እላለሁ።

ሪፈረንደሙ ባለፈ ክረምት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ እናቴ የተዋስነውን ወንፊት እንድመልስ ኣደይ ንግሥቲ ቤት ላከችኝ። በጓሮ ገባሁ። በወጥ ቤቱ መስኮት ሳይ አባቴ ቱታውን እንደለበሰ ዱካ ላይ ተቀምጧል። በሥራ ሰዓት! ቆቡን በእጁ ይዞ ያሽከረክራል። ያን ጊዜ ትግርኛ ከግማሽ በላይ ይገባኝ ነበር። ለጥፋት የሚዳርገው ደግሞ ይኸው ግማሹ ነው።

"ታውቃለች?" አሉ ኣደይ ንግሥቲ።

"አታውቅም።"

"ማንም እንዳይነግራት። ቅዳሜ ንጋት፣ ቀሺ ሩፋኤል ባሉበት፣ ሁላችንም ሄደን እንነግራታለን። ማኪናስ?"

"ከኦፊቺና አመጣለሁ።"

"እስከዚያ ከቤት እንዳትወጣ። ልጅቷም እንዳትሰማ።"

አባቴ ቆቡን ማሽከርከሩን አቆመ። "ይከብዳታል፣ ኣደይ። እዚህ ማንም የላትም።"

"እሱን ለእኛ ተወው" አሉ።

ወንፊቱን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። አይተዋታል። መኪናውን የሚያመጣው ደግሞ የገዛ አባቴ ነው! ያን ቀን ማታ ጉርሻ ሲዘረጋልኝ አፌን ዘጋሁበት። "ምን ሆነሻል?" አለኝ። ምን እንደሆንኩማ ያውቃል ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ከኦፊቺናው ጭስ ነው አለ።

ዓርብ ዕለት ጽገረዳ ከሥራ ቀርታ ከጠዋት ጀምሮ እኛ ጋ ዋለች። የእናቴን ፀጉር ካልሠራሁ አለች። ስለ ፋብሪካው አለቃ፣ ስለ አለቃው ሚስት፣ ስለ ሚስትየዋ አዲስ ጥርስ አወራች፤ ራሷ አውርታ ራሷ ትስቃለች። እናቴ ሻይ ቅጠል ልትገዛ ብድግ ስትል "ኣይፋል! እኔ እሄዳለሁ!" ብላ አስቀመጠቻት። ወደ ማታ በሩ ተንኳኳ። ኣደይ ንግሥቲ፣ በዓመት ውስጥ ደጃችንን ረግጠው የማያውቁት፣ የጾም ወጥ በድስት ሙሉ አስይዘው ገቡ።

እናቴ መቀመጫ ልትሰጣቸው ሁለቱንም ወንበሮች በአንድ ጊዜ አነሳች።

"ብዪ" አሏት በተሰባበረ አማርኛ። "ሥጋ የለሽም። ብዪ።"

"እርስዎስ ኣደይ? አብረው ይቅመሱ እንጂ።"

"እኔ በላሁ። አንቺ ብዪ።"

እስክትጨርስ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይናቸው ሸኙት። እኔ ጥግ ሆኜ ጥርሴን አንገጫግጫለሁ። ለመንገዷ ስንቅ እያበሏት ነው። ሲወጡ የእናቴን ትከሻ ያዝ አደረጉ፤ ከሚገባው ትንሽ አስረዝመው። እናቴ በሩን ዘግታ ዞረች፤ ፊቷ በርቷል።

"አየሽ ሰገንዬ?" አለችኝ። "ቀስ በቀስ ነው ሰው ሰውን የሚለምደው። ቀስ በቀስ ነው።"

ያን ምሽት እንደዚያ ደስ ብሏት አይቼያት አላውቅም። ነገሩን ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለቴም ዘጋሁት።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል አባቴ ጫማውን በእጁ ይዞ ሲወጣ ሰማሁት። ተነሳሁ። ጓጉንቸሩን በፍርግርጉ በር ላይ ቆለፍኩና ቁልፉን የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት ፉስቶ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ጠበቅሁ። ከተማው በጉም ተሸፍኗል። መጀመሪያ የመኪናው ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ መኪናው። ከኋላው ጥቅል ሸራ፣ ረጃጅም እንጨትና አግዳሚ ወንበር ተጭኗል። ሸራው ዝናብ እንዳይመታን፣ አግዳሚው እንድንቀመጥበት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሲያባርሩን እንኳ አስበውልናል።

ከመኪናው በስተኋላ ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ይወጡ ጀመር። ነጭ በነጭ፣ ድምፅ የለ፣ ሳል የለ። ፊት ፊት የገብርኤሉ ቄስ ቀሺ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው፣ አጠገባቸው ኣደይ ንግሥቲ። አባቴ በሩን ገፋው። ደግሞ ገፋው። ያን ጊዜ አየኝ።

"ሰገን፣ ክፈቺ።"

"ኣደይ ኣይትኸይድን እያ!" ብዬ ጮህኩ። እናቴ አትሄድም ማለቴ ነው። ትግርኛዬ እዚያ ላይ አለቀብኝና በአማርኛ ቀጠልኩ። "ትጾማለች! ታስቀድሳለች! አሜን ትላለች! ዘግይታ ነው እንጂ ትላለች!"

ስልሳው ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

"እዛ ቖልዓ እንታይ ትብል ኣላ?" አሉ ኣደይ ንግሥቲ፤ ይህች ልጅ ምን ትላለች?

"ቁልፉ የት ነው?" አለ አባቴ።

"ፉስቶ ውስጥ።"

"የትኛው ፉስቶ?"

"ውሃ ያለበት።"

ክረምት ነው። ሦስት ፉስቶ ነበረን፤ ሦስቱም ሞልተው ይፈሳሉ። አባቴ ግንቡን ዘልሎ ገባና እጁን እስከ ብብቱ የመጀመሪያው ውስጥ ከተተ።

በዚህ መሀል እናቴ ወጣች። ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋለች፤ ከትናንት የተረፈ ፈገግታ ፊቷ ላይ አለ። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥሎ ፉስቶ ውስጥ የተደፋውን ባሏን፤ ቀጥሎ በፍርግርጉ በኩል ሰዎቹን። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጽገረዳ መሬት መሬት ታያለች። እናቴ እኔ በሁለት ቀን ያልደረስኩበትን በአንድ ትንፋሽ ደረሰችበት።

"ማን ነው?" አለች።

ጽገረዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"እናቴ ናት?"

ቀሺ ሩፋኤል "ልጄ..." ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። እናቴ በቁሟ ዘንበል ስትል ኣደይ ንግሥቲ ሁለት እጃቸውን በፍርግርጉ ቀዳዳ እስከ ትከሻቸው አስገብተው አቀፏት። ጉንጫቸው ብረቱ ላይ ተለጥፏል፤ "ኣጆኺ ጓለይ፣ ኣጆኺ" ይላሉ፤ አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ። እንዲያ ሆነው፣ አንዷ ከውስጥ አንዷ ከውጭ፣ አለቀሱ። ከኋላቸው ስልሳው ሰው በአንድ ጊዜ ድምፁን ለቀቀው። ቁልፉ ሦስተኛው ፉስቶ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰፈር መርዶ በተቆለፈ በር ላይ ሲነገር የመጀመሪያው ነው ይባላል፤ የመጨረሻውም ይሁን።

ክሳነት ከሰዎቹ መሀል ሾልካ መጣችና "የቆለፍሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"እወ።"

"ለምን?"

ነገርኳት። ራሷ ያወራችው ወሬ ምን ላይ እንዳደረሰኝ ስታይ ኩራት ቢጤ ተሰማት። "ጎበዝ" አለችኝ። "እኔ ግን ጉድጓድ ውስጥ ነበር የምጥለው።"

አያቴ ይመኙሻል ከሞተች ዐሥር ቀን አልፏት ነበር። የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ደርበው፣ ወሬውን ወደ አስመራ በሚመጣ የጭነት ሹፌር ላከ፤ ሹፌሩ ሐሙስ ጠዋት አባቴን ኦፊቺናው ድረስ ሄዶ አገኘው። መርዶ ደግሞ እንደ ደብዳቤ ለሰው አይሰጥም። ባለቤቱ በልቶ፣ ተኝቶ አድሮ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ በንጋት ነው የሚነገረው፤ እስከዚያ አገር ሁሉ አውቆ አፉን ይዘጋል። ይህ ልማድ ወልድያም አስመራም አንድ ነው። የሚያስቸግረው ወገን የሚለው ላይ ነው።

አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲነግረኝ፣ ያን ሐሙስ ኣደይ ንግሥቲ ዘንድ የሄደው የማኅበሩን አግዳሚ ወንበር ለመዋስ ብቻ ነበር። አባል እንዳልሆንን ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አፍሯል። ኣደይ ንግሥቲ ቆመው ሰሙት። "ወንበሩን ወስደህ ማንን ልታስቀምጥበት ነው?" አሉት። አባቴ ቆቡን አወለቀ። "ቁጭ በል" አሉት። እኔ በመስኮቱ ያየሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ተንዳው በራችን ላይ ሦስት ቀን ተተከለ፤ መንገዱን ግማሽ ያዘ። ሴቶቹ እናቴን ከበው ተቀመጡና ስለ ሟቿ ጠየቋት። የማያውቁትን ሰው እንዴት ያለቅሳሉ? ጽገረዳ ታስተረጉማለች። ረጅም ናት አጭር? አጭር ናት። ምን ታውቅበታለች? እናቴ አሰበች። በየዓመቱ ለገና በእግሯ ላሊበላ ትሄድ ነበር፣ እስከ ሰባ ዓመቷ። ይህ ሲተረጎም ተንዳው ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ፤ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። "በእግሯ?" አሉ ኣደይ ንግሥቲ። "በእግሯ።" "እንዲህ ያለችማ ሴት ዝም ተብላ አትሸኝም" ብለው ብድግ አሉ።

በትግርኛ አለቀሱላት። ያን ዕለት ሁሉም ገብቶኛል፤ አንዲት ቃል አላመለጠኝም።

"አንቺ የወልድያ ሴት፣ መንገድ የማይደክምሽ፣ ላሊበላን በእግርሽ የምትደርሺ፤ እዚያ ስትደርሺ ሁለት ልጆች ፈልጊልኝ። ትልቁ ዘርአብሩክ ነው፣ ቁመቱ ረጅም ነው፣ አይጠፋሽም። ትንሹ ኣባዲ ነው፣ ዓይን አፋር ነው፣ አንቺ ካልጠራሽው አይመጣም። ብርድ ልብስ አልብሺው። ወተት አትስጪው፣ አይወድም።"

ጽገረዳ እያለቀሰች ለእናቴ በጆሮዋ ታስተረጉምላታለች። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ተነስታ ከኣደይ ንግሥቲ ጎን ቆመችና በአማርኛ ጮኸች። "እማዬ፣ ሰምተሻል? ለትንሹ ወተት እንዳትሰጪው! አደራ እማዬ!"

ልጆቹን በገደለው ጦር ውስጥ የወልድያ ልጆችም ነበሩ። በዚያ ተንዳ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ያነሳውም አልነበረም። ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እስኪደክማቸው አለቀሱ። እንደ ቅርብ ወገን እናቴን ከበው ያለቀሱት ሴቶች ደግሞ ከዚያ በፊት ስሟን እንኳ በቅጡ የማያውቁ ነበሩ።

የማኅበሩ ነገር ወር ሳይሞላ አለቀ። የአያቴ ዐርባ ሳይደርስ ኣደይ ንግሥቲ ጽገረዳን ላኩ። ዓመቱን እንደገና ቆጥረውት ጳጉሜን ረስተው ኖሯል። አምስት ቀን ስለሆነች ለአዲስ ገቢ ትበቃታለች አሉ። እናቴ ጳጉሜን ትደግስ ጀመር፤ ማኅበርተኛው ከዓመቱ ሁሉ አስበልጦ የሚጠብቃት አምስት ቀን እንደሆነች ስነግራችሁ እየቀባባሁ አይደለም።

ልጨርስ የፈለግሁት ግን በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ሽማግሌ በቢሽክሌታ ሲያልፉ ተንዳውን አዩና ወረዱ። እዚያ አገር ለቅሶ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ባርኔጣቸውን አውልቀው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የሚገባውን ያህል ከቆዩ በኋላ ጠጋ ብለው ኣደይ ንግሥቲን ጠየቁ።

"የሞተው ማን ነው?"

"እናታችን ናት" አሉ ኣደይ ንግሥቲ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፈሩን የሚያውቁት ይመስላሉ፤ የሞተችዋን ግን ሊያስታውሱ አልቻሉም። "ከየት ነበረች?"

"ከወልድያ።"

"ወልድያ?" አሉ ሽማግሌው። ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ወልድያ የትኛዋ ናት?"

ኣደይ ንግሥቲ ከአስመራ ብዙ ርቀው የሄዱ ሴት አልነበሩም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ ከሽማግሌው በላይ በእጃቸው ወደ ደቡብ አመለከቱ።

"ዓዲ ጓዕዳድን እልፍ ስትል ነው" አሉ።

ዓዲ ጓዕዳድ በከተማው ጫፍ ያለች መንደር ናት፤ ከእኛ ቤት በቢሽክሌታ ይደረሳል። ሽማግሌው "እ፣ እዚያ" ብለው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እናቴ ከጎናቸው ሆና ሰምታለች። አላረመችም፤ እኔም አላረምኩም። አድጌ በካርታ አይቼዋለሁ። ኣደይ ንግሥቲ አልተሳሳቱም፤ ትንሽ ይርቃል እንጂ መንገዱ በዚያው ነው።